የግድግዳው ክፍተት

ቅዳሜ ረፋድ ከገበያ ስመለስ ጎረቤቴን ጋሽ ተሰማን አዲሱ የመንግሥት ቢሮ ፊት ለፊት አገኘኋቸው። አንገታቸውን ሰቅለው ግድግዳውን ያያሉ። ለሰላምታዬ መልስ ሳይሰጡ «ሳይመረቅ ተሰነጠቀኮ፣ መምህር» አሉኝ።

ልጃቸው ናዝሬት ሰኞ እዚያ ሥራ ትጀምራለች። ካልተገኘች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ እሳቸው ግን አትገቢም ብለዋታል። አልፈርድባቸውም። አሮጌው ቢሮ በጥገና ሠራተኝነት ሲሠሩ የውጭው ልስን ተገንጥሎ ወድቆባቸው ትከሻቸው ተሰብሯል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

የሕንፃው መሐንዲስ ጋትዌች የዚሁ የጋምቤላ ልጅ ነው። ስናወራ ሰምቶ ቀረበና ጎንበስ ብሎ ጨበጣቸው።

«ስንጥቅ አይደለም አባባ፤ እኛው የተውነው ክፍተት ነው። ግድግዳው ፋብሪካ ውስጥ በቁራጭ በቁራጭ ተሠርቶ የመጣ ኮንክሪት ነው። እዚህ በክሬን አንስተን ገጠምነው።»

«እና ተንጠልጥሎ ነው ያለው? ከሥሩ የኔ ልጅ ታልፋለች እኮ፣ ልጄ።»

ይህን ስሰማ እኔንም ስጋት ያዘኝ። ጋትዌች አልተከፋም። የራስ ቁር አድርጎልን ወደ ውስጥ አስገባንና እያንዳንዱ ቁራጭ በወፍራም ብረት ከሕንፃው ጋር የታሰረበትን አሳየን። ጋሽ ተሰማ ብረቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁት፤ ንቅንቅ አላለም። ይህን ያህል ከታሰረ ክፍተቱ ለምን አስፈለገ ሲሉ ጠየቁ።

«የኛ ፀሐይ ኮንክሪቱን ታሰፋዋለች፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። መላወሻ ካጣ ተገፋፍቶ ይሰነጠቃል። ክፍተቱን እንደ ጎማ በሚለጠጥ ማሸጊያ ሞልተነዋል፤ ውሃ አያስገባም።»

ጋሽ ተሰማ ትከሻቸውን ዳሰሱ። «እኛ የዚያን ልስን ስንጥቅ በየዓመቱ ስንደፍን ኖርን» አሉ ቀስ ብለው። «ለካ መላወሻ እየነሳነው ኖሯል።»

የአስተማሪ ነገር፣ ዝም ማለት አልሆነልኝም። እንዲህ ያለ ግድግዳ በቶሎ ተሠርቶ እንደሚያልቅ፣ በየክረምቱ ልሰኑኝ እንደማይል፣ አንዱ ቁራጭ ቢጎዳ እሱ ብቻ እንደሚቀየር ዘረዘርኩ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከጋትዌች ላይ አልነቀሉም።

«አይወድቅም ትለኛለህ?»

«ብረቱንና ማሸጊያውን በየጊዜው ካየነው አይወድቅም፣ አባባ። እናቴም በዚሁ በር ነው የምትገባው።»

ሰኞ ጠዋት ናዝሬትን ራሳቸው አደረሷት። ከዚያም ከመንገዱ ማዶ ማንጎ ዛፍ ሥር ቆመው ግድግዳውን ይጠብቁ ጀመር። ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ፀሐይዋ ዛፉን አልፋ መሬቱን ታቃጥላለች፤ ጋሽ ተሰማ ከዛፉ ሥር የሉም። ደንግጬ ዙሪያውን ፈለግኋቸው። መንገዱን ተሻግረው፣ ግድግዳው ጥላ ውስጥ፣ ያን የተሰበረ ትከሻቸውን ለኮንክሪቱ ሰጥተው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።