ደምለው ያልተረጎመው

(ጎንደር፣ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ግቢ፣ ማለዳ። ከሞንጎሊያ ለባህል ጉባኤ የመጣችው፣ የአያቶቿ መናፍስት የሚወርዱባት ሻማን ኦዩና ወደ አገሯ ልትመለስ ሻንጣዋ መኪና ላይ እየተጫነ ነው፤ ባለዛሯ ወይዘሮ አንጓች ደግሞ ትናንት በሁለቱ ሴቶች መሃል በሩስኛ ሲያስተረጉም የዋለውን፣ ከሕፃንነቱ ያሳደጉትን የእህታቸውን ልጅ ደምለውን በሩ ላይ አቁመውታል።)

አንጓች፦ እጄን ልቀቅና መልስልኝ። ቴአትር ማለት ምን ማለት ነው?

ደምለው፦ እታለም፣ ሰው እያየን ነው። ቴአትር ቴአትር ነዋ።

አንጓች፦ በሩስኛስ?

ደምለው፦ በሩስኛም... ያው ነው።

አንጓች፦ አርቲስትስ?

ደምለው፦ ምነው በጠዋት ፈተና ላይ አስቀመጥሽኝ?

አንጓች፦ ትናንት እኔ ስናገር፣ አንተ ተቀብለህ ለዚያች ሴት ስትነግራት፣ አንዴ ቴአትር አልክ፣ አንዴ አርቲስት አልክ። ሩስኛ ባላውቅም ጆሮ አለኝ። እንዲህ ያለ ቃል ደግሞ ከአፌ አልወጣም። ከየት አመጣኸው?

ደምለው፦ ትርጉም እኮ ቃል በቃል አይሄድም። እሷ እንዲገባት አንዳንዴ ዘወር አድርጎ...

አንጓች፦ ቅድም በር ላይ ስታገኘኝ ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? ትከሻዋን እየነቀነቀች ሳቀችልኝ። "አርቲስትካ" አለችኝ። ትናንት ከበሮዋን አቅፋ እንባዋን ስታፈስ የነበረች ሴት ዛሬ እስክስታ ትወርድልኛለች? ምን ብለህ ነው ያስተዋወቅከኝ?

ደምለው፦ በክብር ነው ያስተዋወቅኩሽ።

አንጓች፦ እኮ ክብሩን ንገረኛ።

ደምለው፦ "የታወቁ የባህል ተወዛዋዥ ናቸው" አልኳት።

አንጓች፦ ተወዛዋዥ።

ደምለው፦ ስድብ ነው እንዴ?

አንጓች፦ ስድብስ አይደለም። ተወዛዋዥ ብሆን ባልጠላሁ፤ ወገቤም ባልጎበጠ። ግን እኔ ባለዛር ነኝ፣ ከእናቴ የወረስኩት። ይህን ጎረቤት ያውቃል፣ ቀበሌው ያውቃል፣ የሚሰድቡኝም ያውቃሉ። አንተ ደብቀህ ደብቀህ ከማን ደበቅከው? መንፈስ ከሚወርድባት ሴት?

ደምለው፦ እታለም፣ መኪናው ሊነሳ ነው። እንሰናበታትና ቤት ሄደን...

አንጓች፦ ሾፌሩን ጠብቅ ብዬዋለሁ። መጀመሪያ ወተቱን ንገረኝ። ወተት በጭልፋ ይዛ ወደ ሰማይ ስትረጭ፣ "ሳንቀምስ ለሰማይ እንሰጣለን" አለች ብለህ ነገርከኝ። ይህስ ያንተ ነው የሷ?

ደምለው፦ የሷ ነው። የሷን ቃል ብዙም አልነካሁም፣ እመቤቴን!

አንጓች፦ ብዙም?

ደምለው፦ ወተቱን አልነካሁም።

አንጓች፦ እኔም "እናቴ ጠላ ስትቀዳ መጀመሪያ ለመሬት ጠብ ታደርግ ነበር" አልኩ። ደረሳት?

ደምለው፦ እሱ ደርሷታል።

አንጓች፦ ተመስገን፣ አንዲት ጠብታ ደረሰች። ፈረሱስ? ከበሮዋን እየደባበሰች "ይህ ፈረሴ ነው፤ ወደ አያቶቼ የምጋልበው በዚህ ነው" አለች። እኔ ምን መለስኩ?

ደምለው፦ "በእኛ አገር ፈረሱ ሰው ነው። የምጋለበው እኔ ነኝ፤ ጋላቢው እሱ ነው" አልሽ።

አንጓች፦ እና እሷ ምን ሰማች?

ደምለው፦ ይቅርብሽ።

አንጓች፦ ምን ሰማች?

ደምለው፦ "እኛ አገር በፈረስ ላይ የሚጨፈር ጭፈራ የለም።"

አንጓች፦ ወይ ጉዴ! ለዚህ ነዋ ፊቷ ክስም ያለው። አንተ "ደክሟት ነው" አልከኝ፤ እኔ ሞኟ መንገዱ ነው ብዬ ጀርባዋን አሸሁላት።

ደምለው፦ ወዳሻለች እኮ። "እንዲህ ያለች ደግ ሴት አላየሁም" ብላለች።

አንጓች፦ የወደደቻት ሴት አንተ የጠፈጠፍካት ናት። እኔን መች አገኘችኝ? እሺ፣ ስሙስ?

ደምለው፦ የምን ስም?

አንጓች፦ ታውቀዋለህ። እሷ የአያቷን መንፈስ ስም በአደራ ሰጠችኝ። እኔም ባዶ እጇን አልመልሳት ብዬ፣ ነፍሱን ይማረውና ለባሌ እንኳ ያልነገርኩትን ስም ጠጋ ብዬ ነገርኳት። አንተ በመሃል ምን አልክ?

ደምለው፦ የዘፈኑ ርዕስ ነው አልኳት።

አንጓች፦ ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ! እሷ አያቷን ሰጠችኝ፤ እኔ የዘፈን ርዕስ ሰጠኋት።

ደምለው፦ ለአንቺ ብዬ ነው። የጉባኤው ሰዎች ሲቀርጹሽ አላየሽም? ነገ በየስልኩ "የጎንደሯ ጠንቋይ" እያሉ ቢለጥፉሽስ?

አንጓች፦ የቀረጹት የእኔን አማርኛ አይደለም እንዴ? አማርኛውን እንደሆነ አገር ይሰማዋል። አንተ የደበቅኸኝ አማርኛ ከማትሰማዋ ከአንዲት ሴት ብቻ ነው። ስትዋሽ እንኳ አጥብቀህ ሸምን እንጂ፤ ክርህ ሁሉ ይታያል።

ደምለው፦ እሺ፣ አፈርኩ! ሰው ማፈር አይችልም? ሠርጌ ደርሷል። የሰብለ ቤተሰቦች...

አንጓች፦ ሰብለን ተዋት። ሰብለ ቤቴ ገብታ በልታለች፣ ጨሌዬን አንገቷ ላይ አድርጋ በመስታወት አይታለች። በሷ አታሳብብ። የመጨረሻውን ጥያቄዬን ድገምልኝ።

ደምለው፦ የቱን?

አንጓች፦ ከጉባኤው ሁሉ፣ ከወተቱም ከከበሮውም ይልቅ የመጣሁበትን። "አገናኘኝ" ብዬ እግርህ ላይ የወደቅኩበትን።

ደምለው፦ "ይህ ነገር በደም ይወርዳል። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ሰው አይፈልገውም። እናንተ ዘንድ እምቢ ያለ ሰው ምን ይሆናል? መፍቻስ አለው ወይ?" አልሽ።

አንጓች፦ ጎበዝ፣ አልረሳኸውም። መልሷን እኔ ልንገርህ። "አይዞሽ፣ ከአንቺ ጋር ያልቃል፤ ወደ ማንም አይሻገርም" አለች አልከኝ። እግሯ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሷም ደንግጣ አነሳችኝ። አሁን ልብ ብዬ ሳስበው፣ ያን የሚያህል ቃል የተናገረች ሴት ለምን ትደነግጣለች? ምን ነበር ያለችው?

ደምለው፦ እኔ የጠየቅኳት... "ጭፈራውን ለወጣቶች ማስተማር ይከብዳል ወይ?" ብዬ ነው።

አንጓች፦ እሷስ?

ደምለው፦ "ከእግር ይጀምሩ፤ ትከሻው በኋላ ይመጣል።"

አንጓች፦ ከእግር ይጀምሩ? ወይ እኔ!

ደምለው፦ እታለም? ቁጭ በይ። ውሃ ላምጣልሽ።

አንጓች፦ ያ ሁሉ እንባ ለእግርና ለትከሻ ነው የፈሰሰው?

ደምለው፦ ደስ እንዲልሽ ነው። ስንት ጊዜሽ ነው እንቅልፍ ካጣሽ! ትናንት ግን እንደ ሕፃን ተኛሽ፣ ማንኮራፋትሽ እስከ ሳሎን ይሰማ ነበር።

አንጓች፦ ተኛሁ። ልጄን አስፈታሁት ብዬ ተኛሁ። "ከእኔ ቀጥሎ ያለው ሰው" ያልኩት ማንን መሰለህ?

ደምለው፦ እኔን ነው። አውቃለሁ፤ አውቄም ነው የፈራሁት። ልትሰጪኝ መስሎኝ።

አንጓች፦ ልሰጥህ! በልጅነትህ ሲጥልህ በጀርባዬ አዝዬ ከጠበል ጠበል ያዞርኩህ ልሰጥህ ነው? ላስይዝህ አልነበረም፣ እንዲለቅህ ልጠይቅልህ ነበር። የሚያውቅ ሰው ከዓለም ጫፍ ደጃፋችን ድረስ መጣልህ፤ አንተ መፍቻህን በገዛ አፍህ ዋጥከው።

ደምለው፦ እሷ የነገረችንን አልሰማሽም? እምቢ ብላ ዓይኗ ጠፍቶ እንደነበር? ከበሮውን እስክትይዝ ድረስ ማየት እንዳልቻለች? እሱን ስተረጉምልሽ ነገ የእኔም ዓይን ነው አልኩ። ከዚያ ከበሮውን ስትመታ ሰውነቴ ሳላዘው በምቱ መወዛወዝ ጀመረ። አየችኝ። መምታቷን አቆመች።

አንጓች፦ "ቆዳው ረገበባት" ያልከኝ ጊዜ?

ደምለው፦ ቆዳው አልረገበም። ወደ እኔ ዞራ "ይህች ሴት ያንተ ናት? ደም ናችሁ?" ብላ ጠየቀችኝ።

አንጓች፦ አንተስ?

ደምለው፦ እታለም...

አንጓች፦ ጨርሰው። እዚህ ድረስ አምጥተኸኝ መንገድ ላይ አትተወኝ።

ደምለው፦ "አላውቃትም። ለሥራ ነው የተገናኘነው፤ ስሟንም የሰማሁት ዛሬ ነው" አልኳት።

አንጓች፦ በቅሎን "አባትሽ ማነው?" ቢሏት "ፈረስ አጎቴ ነው" አለች አሉ። በቅሎዋ እንኳ ዘመድ አላጣችም። አንተ አንዱንም አላስቀረህም።

ደምለው፦ ይቅር በይኝ። ይኸው፣ እግርሽን ልሳም።

አንጓች፦ ተነስ። ሱሪህ ይቆሽሻል፤ እንግዳ ይዘሃል።

ደምለው፦ ላስተካክለው። ያቻት፣ ገና አልሄደችም። ሁሉንም እነግራታለሁ። አክስቴ ናት፣ እናቴም አባቴም እሷ ናት፣ ዋሽቼሻለሁ እላታለሁ።

አንጓች፦ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ደምለው፦ አንድ ጊዜ ሞክሪኝ። መልሷን ሳትሰሚ ትሂድ? ሌላ ጊዜ የት ታገኛታለሽ?

አንጓች፦ ሳትጨምር?

ደምለው፦ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

አንጓች፦ ና እንግዲህ። እንደምን አደርሽ በላት። "ትናንት ያወራሻት ሴት እኔ አይደለሁም፤ ተወዛዋዥም አይደለሁም፤ እኔም እንዳንቺው የሚወርድብኝ ነኝ" በላት።

ደምለው፦ አልኳት። አየሽ ፊቷን? የእጅ ቦርሳዋን እንኳ ጣለችው።

አንጓች፦ "ጠጋ ብዬ የነገርኩሽ ስም ዘፈን አይደለም። ራሱ ነው" በላት።

ደምለው፦ አልኳት። "እጅሽ የሚለኝና ጆሮዬ የሚሰማው አልገጥም ብሎኝ አደረ፤ አሁን ገጠመ" ትላለች። እያለቀሰች ነው፣ እታለም። በይ አሁን ጥያቄውን ልንገራት።

አንጓች፦ ጥያቄ የለኝም።

ደምለው፦ እንዴት የለሽም? ስለ እኔ...

አንጓች፦ "በደም የሚከተለኝ ሰው የለኝም፤ ያለኝ ነገር ከእኔ ጋር ይቀበራል" ይበሉልኝ።

ደምለው፦ ምን?

አንጓች፦ "ይህ ሰው አላውቃትም ያለሽ እውነቱን ነው፤ እኔም አላውቀውም" ይበሏት።

ደምለው፦ እታለም... አንቱ አልሽኝ? እኔን?

አንጓች፦ የማያውቁትን ሰው አንተ ማለት ነውር ነው። ይተርጉሙላት እንጂ፤ መኪናው እኮ እየጠበቃት ነው።