እንደ ልጃችን ንዳልኝ

ሐይቁ ዳር ልብስ ሳጥብ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጎረቤቴ አያ ሞላ፣ ልጁ ለውትድርና ተወስዶ ከቀረ ወዲህ ዝም ብላ የከረመችውን የጀልባ ሞተር ለእንጀራው ብሎ አሳደሳት። የታደሰ ሞተር መጀመሪያ በቀስታ ነው የሚለማመደው፣ ሮዳጅ ይሉታል፤ እሱም ዳር ዳሩን ቀስ እያለ ይነዳል። ሚስቱ የሺ የሞተሯን ድምፅ ስትሰማ ሊጡ ከእጇ ሳይለቅ እየሮጠች መጣች። «ልጄ መጣ! ልጄ!» እኔም እልል ልል አፌን ከፈትሁ። እሷ ግን ቆም ብላ አዳመጠችና ድንጋይ ላይ ዝርፍጥ አለች። «አይ፣ የእኔ ልጅ እንዲህ ቀስ ብሎ አይነዳም።»

ሞላ ሰምቷት ወደ ዳር ተጠጋ። «እባክህ፣ አንድ ጊዜ እንደሱ ንዳልኝ» አለችው።

«ኧረ የሺ፣ ሮዳጅ ላይ ናት እኮ! ካጣደፍኋት ትቃጠላለች። ከዚያ ምን ልንበላ ነው?»

የሺ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ሰውየው ትንሽ አያትና ጀልባዋን አዙሮ ነዳጁን ለቀቀባት። ሐይቁ አስተጋባ። የሺ ፈገግ አለች፤ ልጇ ከሄደ ወዲህ ጥርሷን ሳየው ያኔ ገና የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ጭሱ ተትጎለጎለና ሞተሯ ጸጥ አለች።

ሞላ እየቀዘፈ ተመለሰ። የሺ ዓይኗን አልገለጠችም፤ ገና እየሰማች ነበር።