የሦስተኛው በር ካርድ

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የሥራ ልብሳችሁን ሳትቀይሩ ከግድቡ የመጣችሁ ባልደረቦቼ፤ ጥቂት አድምጡኝ። አንቺም እህቴ፣ ባለቤቱ፣ የልጅሽን እጅ ያዢና ስሚኝ። ዛሬ የምናገረው ስለምንቀብረው ወንድሜ ብቻ አይደለም። ስለ ራሴም ነው።

«መዶሻው» እንለው ነበር። የግድቡን ጥገና የሚያቅደው እሱ፣ ወደ ሰባት ከተሞች ውሃ የሚያደርሰውን መስመር የማቅደው እኔ። አንድ ቢሮ ነበርን። በግድግዳው ላይ አንድ ሰሌዳ አለ። እያንዳንዱ ጥገና በወሩ ሥር የሚሰካ ካርድ አለው፤ ካርዱ የሚሰካውም የሚነቀለውም ሁለታችንም ስንፈርም ብቻ ነው። ደንቡን ያወጣው እሱ ነው።

ብረት የሚያዳምጥ ማን ነበር? እሱ ነበር። ትንሿን መዶሻ ይዞ የውሃ መልቀቂያውን በር ብሎኖች አንድ በአንድ ቋ ቋ ያደርጋል፤ ጆሮውን ይደቅናል። «ይሄ ታሟል» ይላል። እኛ «ትኩሳቱን ለካኸው?» እያልን እንስቅበታለን። አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተም።

አምና «ሦስተኛው በር ታሟል» አለ። ለጥገናው ውሃ ለሦስት ሳምንት መዘጋት ነበረበት። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ሁለት ሴቶች ሲደባደቡ አይቻለሁ። አንዷ የሌላዋን ግንባር በጀሪካን ተረተረችው። ደሙ ጀሪካኑ ውስጥ ገባ። ታዲያ ውሃውን ደፋችው? አልደፋችውም። ይዛው ሄደች። ከዚያ ወዲያ «ውሃ እንዝጋ» ሲለኝ ደሜ ይፈላ ነበር።

ልጁን ሊያስመርቅ በሄደበት ቀን ካርዱን ነቀልኩት፤ ጥገናው ተሰረዘ። ፊርማውስ? እኔው ፈረምኩለት። አዎ፣ በስሙ እኔው ፈረምኩ! አታጉረምርሙ፣ አልጨረስኩም።

ሲመለስ ምን አደረገ? ስብሰባ መሀል ገብቶ ዝገት የበላው፣ ክንድ የሚያህል ብሎን ወረወረ። የጠረጴዛው መስታወት ብትንትኑ ወጣ። ሥራ አስኪያጃችን ወንበር ሥር ገቡ። «ከሦስተኛው በር ነው! በእጄ ነው የነቀልኩት!» እያለ ጮኸ። ኮሌታውን ያዝኩት። በቡጢ ጥርሴን ሰበረው፤ ይኸው፣ ስባሪው አለ። እኔም አፍንጫውን ሰበርኩት። ጥበቃዎች ገላገሉን።

ፊርማውን እንደሰረቅኩት ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። ለምን? ጠየቅኩት። «አንተን ቢያባርሩህ ሰባቱን ከተሞች ማን ያጠጣልኛል?» አለኝ፣ ደም እየተፋ። ሁለት ፊርማ አለበት ተብሎም ጥገናው እንደተሰረዘ ቀረ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሩ ማቃሰት ጀመረ። ከታች ባለው ክፍል አራት ሠራተኞች ነበሩ። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲሮጥ እሱ ወደ ታች ወረደ። «ውጡ!» ሲል ድምፁ እላይ ድረስ ተሰማ። አራቱም ወጡ። ይኸው፣ እዚህ ቆመዋል። ከዚያ ብሎኖቹ እንደ ጥይት ተተኮሱ፤ በሩ ተገነጠለ። ውሃው አላሰጠመውም፤ ከግድግዳው ጋር አላተመው። ሬሳውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የለየሁት በአፍንጫው ነው። እኔ በሰበርኩት አፍንጫ!

እህቴ፣ ዛሬ ይቅር በይኝ አልልሽም። ይቅርታ ለመጠየቅ የሚያበቃኝ ምን መልካም ነገር ሠራሁ ገና?

አሁን የምንጠጣው በሁለተኛው በር የሚመጣውን ውሃ ነው። ከሦስተኛው ጋር በተመሳሳይ ዓመት የተሠራ በር ነው። ትናንት መዶሻውን ይዤ ወረድኩና መታሁት። እኔ የእሱ ጆሮ የለኝም። ግን መታመሙን እኔም እንኳ ሰማሁት።

ሥራ አስኪያጅ፣ እዚህ ነዎት? እንግዲያው ይስሙኝ። ነገ ጠዋት በሩን እዘጋዋለሁ። ሦስት ሳምንት ይህ ከተማም፣ የእኔ ሰባት ከተሞችም ውሃ አያገኙም። ድንጋይ መወርወር የሚፈልግ ቤቴን ያውቀዋል። በሩ ተጠግኖ ባለቀ ማግስት በስሙ የፈረምኩበትን ካርድ ይዤ በገዛ እግሬ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ።

ወንድሜ፣ ይኸው የሁለተኛው በር ካርድ። በገዛ ስሜ ፈርሜበታለሁ። ያንተ ቦታ ባዶ ነው። እንዲሁ ባዶውን ይሰካል፤ ማንም አይፈርምልህም። ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ያ የሰበርከው ጥርስ ያመኛል። ይመመኝ። ደህና ሁን፣ መዶሻው።