ጀርባዬን ለእሳቱ ሰጥቼ

ክቡራትና ክቡራን፣ ሂክመት ቤይ፣ ይህን የስንብት ማዕድ ስላሰናዳህልኝ አመሰግናለሁ። ምግብ ቤትህን ለደንበኛ ዘግተህ ለእኛ ከፍተሃል፤ ኤርዙሩም ውስጥ እንዲህ የሚደረገው ለሠርግ ነው። ጉልሱም እህቴ፣ ስለ ቂጣሽም አመሰግናለሁ። አንቺ ባትኖሪ የጠበስኩትን ሥጋ ሰው በምን ጠቅልሎ ይበላው ነበር?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህ አቋቋም አልተመቸኝም። ፊትህን ወደ እኛ አዙረህ ተናገር ስላላችሁኝ እሳቱ ከጀርባዬ ሆኗል። ለእሳቱ ጀርባዬን ስሰጥ ያያችሁኝ አላችሁ? ተተኪዬ ኔጃቲ፣ አንተ ደግሞ እኔን ምን ታየኛለህ? ሥጋው የተሰካበትን ዘንግ አዙር እንጂ።

አትሳቁ። ላቱ ቀልጦ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ ነበልባል ይነሳል። ያኔ ንግግር ማን ይሰማል?

አምና ሂክመት ቤይ ጠራኝና፣ «ሳቢት ኡስታ፣ ታፔላው ላይ ዶነር ብለን ብንጽፍስ? እንግዳው የሚያውቀው እሱን ነው» አለኝ።

«የእኛ ጃ ነው» አልኩት።

«የሁለቱም ሥጋ ይዞር የለ እንዴ?»

«ያኛው ቆሞ ነው የሚዞረው፤ የእኛ ተኝቶ።»

«እዚህ ቤት ተኝቶ የሚሠራ እሱ ብቻ ነው» አለና ታፔላውን ተወው። ጃ እኮ ይቺ ሥጋው ላይ ሰክተን የምንቆርጥባት ቀጭን ብረት ናት፤ ጥብሱም ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። እሷን ይዤ ነው ያረጀሁት። ስሟ ከበሩ ላይ ሲወርድ ማየት አልፈለግኩም።

አሁን ዓይኔ ጭሱን አልችል አለ። ሐኪሙ «ይብቃህ» ሲለኝ እሺ ብዬ ከሥራ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ግን እህል አይጥመኝም። ኔጃቲ ቢያሳርረውስ? ቸኩሎ ጥሬውን ቢቆርጠውስ? እጁ ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስጋቴ ግን አልለቅ አለኝ።

እህ፣ ኔጃቲ፣ ምን ይዘህ መጣህ? የመጀመሪያዋን ጃ የሚቀምሳት እሳቱ ላይ የቆመው ኡስታ፣ ዋናው ባለሙያ፣ ነው። ዛሬ ያንተ ናት። ለምን ለእኔ አመጣሃት?

«እርስዎ ሳይቀምሱ አላወጣም» ይለኛል። ሰማችሁት? ይህን ሁሉ ሰው አስርቦ።

እንግዲህ እስክቀምሳት ትንሽ ታገሡኝ።

ዳር ዳሩ ተጠብሷል። ውስጡ አልደረቀም። ሽንኩርቱም ልክ ነው። ኔጃቲ፣ የማርምህ ነገር አጣሁ።

ለካ የፈራሁት ማሳረርህን አልነበረም። እንዳታሳርረው ነበር የፈራሁት። ካላሳረርከው እኔን ለምን ይፈልጉኛል? ይህን ለሚስቴም አልነገርኳትም። በል ሂድ፣ ለሰው ቁረጥ። ከነገ ጀምሮ የመጀመሪያዋን ራስህ ቅመስ፤ እኔን አትጠብቅ።

እሳታችሁ አይጥፋ፤ ደጃችሁ ሰው አይጣ። ሂክመት ቤይ፣ ጤናውን ይስጥህ። ጉልሱም፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ኔጃቲ፣ እጅህ ይባረክ።

እኔ እስከዛሬ የገባሁት በሠራተኛው የጓሮ በር ነው። ከእንግዲህ እንደ ሰው ሁሉ በፊት ለፊት በር መምጣቴ ነው፤ አልለመድኩትም። ደጅ ላይ ቆሜ ካያችሁኝ፣ ግባ በሉኝ።