የሰባት ወር ልጅ እስትንፋስ

እትዬ ሐጀራ በበርበሬ በረንዳ ነጋዴዎች ዘንድ በጨዋታ አዋቂነታቸው የታወቁ ነበሩ። የልጃቸው የባህረዲን ልጅ በሰባት ወሯ ተወልዳ ሆስፒታል ከተኛች ወዲህ ግን ደንበኛ እንኳ በወጉ አያነጋግሩም። አንድ ቀን ሱቃቸውን ዘግተው ወደ አውቶቡስ ተራ ሲያዘግሙ ከጎረቤታቸው ልጅ ከዶክተር ሉብና ጋር ተገጣጠሙ። ሉብና በዚያው ሆስፒታል ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናትን ሳንባ ታጠናለች።

«እትዬ፣ ምራትዎ ሱሀይር ለጥናቱ ከሕፃኗ ደም እንዲወሰድ ፈቅዳ ነበር። አማቴ እምቢ አሉ ብላ ተመለሰች።»

«አዎን፣ የዘር ምርመራ ነው አሉኝ። ዘራችንን መታወቂያ ላይ የጻፉት አልበቃ ብሎ ደግሞ ከጨቅላ ደም ሊያነቡት ነው?»

«የጎሳ ነገር አይደለም፣ እትዬ። ዘረመል ይባላል፤ ልጅ ከእናት ከአባቱ የሚወርሰው ነው። ሁለት ሕፃናት በእኩል ወር ይወለዳሉ፣ እኩል ኦክስጅን ያገኛሉ፤ ያንዱ ሳንባ ይጠነክራል፣ የሌላው ይደክማል። አንዱ ምክንያት እዚያ ውርስ ውስጥ ይኖር እንደሆነ ነው የምንፈልገው።»

«ምክንያቱንማ እኔ ልንገርሽ። ምራቴ እርጉዝ ሆና በርበሬ ስትቀነጥስ ትውል ነበር። ተይ ብያት ነበር!»

ሰው ሐዘን ሲከብደው የሚጥልበት ትከሻ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም የሚያገኘው የደካማውን ነው። እትዬ ሐጀራ ይህንኑ ቃል ለሱሀይር ፊት ለፊት ነግረዋት ነበር።

«እርስዎስ ባህረዲንን አርግዘው እዚሁ በርበሬ መሀል አልዋሉም? የምናውቀው ገና ጥቂት ነው፣ እትዬ። በማናውቀው ነገር እናት ላይ መፍረድ ግን ግፍ ነው» አለች ሉብና።

እትዬ ሐጀራ፣ የበኩር ልጃቸው ያለጊዜው ተወልዶ ሲሞት፣ አማታቸው «ማኅፀንሽ ነው የገደለው» ያሏቸው ትዝ አላቸው። ከሞቱ ይልቅ ያ ቃል ነበር ያንገበገባቸው።

«ደሟ ቢወሰድ ትድናለች?»

«አልዋሽዎትም። ጥናቱ ለእሷ አይደርስላትም። እምቢ ብትሉም ሕክምናዋ አይጓደልም።»

«ታዲያ ለማን ብለን?»

«ነገ ለሚወለዱት። የትኛው ሳንባ እንደሚደክም ቀድመን ካወቅን ቀድመን እንጠነቀቅለታለን።»

በማግስቱ እትዬ ሐጀራ ሆስፒታል ሄደው ሱሀይርን አቀፏት። «ልጅሽ ናት፤ ፈቃዱም ያንቺ ነው። ስለተናገርኩሽ አውፍ በይኝ» አሏት። ሱሀይር ፈቀደች። ሕፃኗ ተረከዟ ሲወጋ አፏን ከፈተች እንጂ ለማልቀስ ትንፋሽ አልበቃትም።

ብዙም አልቆየች፤ ሞተች።

ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት መካከል የልጅ ልጃቸው በዚያው ክፍል የተኛባቸው አንዲት የሸማ ተራ ነጋዴ ነበሩ። ጠጋ ብለው፣ «እኛንም ደም ስጡ ብለውናል። ምን ይሻላል?» ሲሉ በሹክሹክታ ጠየቁ።

እትዬ ሐጀራ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «የእኔዋን አላዳናትም፤ ያንቺንም ላያድነው ይችላል። የሚመጡትን ግን ሐኪሙ አውቆ ይቀበላቸዋል፤ እናታቸውም ምን አጥፍቼ ነው እያለች ዕድሜዋን አትጨርስም። እናቱን ጠይቂያት፤ ከፈቀደች አትከልክያት።»