መቃብር የመሰለው መደብ

እናንተዬ፣ የእኛ ጓሮ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል። ስለዚህ አፈሩን ከምሬ ከፍ ያለ መደብ ሠራሁና ነጭ ሽንኩርት ተከልኩበት። የባለቤቴ አባት አያ ደሴ ገና ሲያዩት አማተቡ። «ምነው ልጄ፣ በቁማችን መቃብር አበጀሽልን? አፍርሺው!» «አላፈርስም አባባ፤ ክረምቱ ይፍረደን» አልኳቸው። ተናደዱና እዚያው አጠገቤ፣ ደልዳላው መሬት ላይ የራሳቸውን ተከሉ።

ዝናቡ ሳያባራ ከረመ። የእሳቸው ቢጫ ሆኖ በሰበሰ፤ የእኔ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደረቴን ነፍቼ አረምኩ። በቀደም ከአምበር ገበያ የሚመለስ ጎረቤት አጥራችን ጋ ቆሞ «አያ ደሴ፣ ማንን ቀበራችሁ?» ብሎ ሳቀ። መልስ ልሰጥ ስል እሳቸው ቀደሙኝ፦ «የእኔን ሽንኩርት! እሱም ያው እዚያ ደልዳላው ላይ ነው። ይሄማ የምራቴ መደብ ነው!»