የተደበቁት ሰንጠረዦች

ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የስኳር ምርመራ ላደርግ ሄጄ፣ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ድሮ ያስተማርኳትን ኡርጂን ድንገት አገኘኋት። አሁን ለክሊኒኩ በድረ ገጽ የሚሠራ የሕሙማን መረጃ ሥርዓት ትገነባለች። «አከም ቡልተን፣ መምህር?» ብላ ሰላምታዋን ሳትጨርስ ከውስጥ ጩኸት ሰምተን ገባን።

ከኡኬ የመጣች ብርቄ የምትባል እናት ልጇን ታቅፋ ነርሷን ትሟገታለች።

«ይህችን ልጅ ባለፈው አንድ መርፌ አሳብጦ ሊገድላት ነበር። እዚሁ ጽፋችሁታል! የመድኃኒቱን ስም እኔ ከየት ላምጣው?»

ነርሷ አዲሱን ድረ ገጽ ደጋግማ ፈለገች። የልጅቷ ስም የለም። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ነገራ ቀስ ብለው ተነሡና ጥግ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ከፈቱ። የልጅቷ መረጃ እዚያ ነበር፤ የሚያሳብጣት ፔኒሲሊን ነው። ነርሷ እጅ ላይ ያለው መርፌም ያው ነበር።

ብርቄ ሌላ መድኃኒት ታዞላት ከወጣች በኋላ ኡርጂ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«ኦቦ ነገራ፣ አሮጌው ዳታቤዝ ተበላሽቷል፣ ከአዲሱ ጋር አይገናኝም ብለውኝ አልነበረም?»

ሽማግሌው ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም። እኔም የሌላ ሰው እፍረት ማየት ከብዶኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ» አሉ። «ማንም ሳያስተምረኝ እየሞካከርኩ የሠራሁት ነው። ገሚሱን በኦሮምኛ፣ ገሚሱን በአማርኛ ሰየምኩት። መድኃኒት የማይስማማቸው ሰዎች የተመዘገቡበትን ዓምድ ‹ልዩ ልዩ ሁለት› ብዬዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ አይታ ትስቅብኛለች ብዬ አፈርኩ። ደግሞስ አዲስ ሲመጣ አሮጌው መፍረሱ ይቀራል?»

«አይፈርስም» አለች ኡርጂ። «የምሠራበት ፍሬምወርክ፣ ማለትም ዝግጁ የፕሮግራም ማዕቀፍ፣ ያሉትን ሰንጠረዦች አንብቦ ሞዴሎቹን ራሱ ያረቅቃል። ሞዴል ማለት ፕሮግራሙ አንድን ሰንጠረዥ የሚያውቅበት መግለጫ ነው። እኔ ሞዴሉ ላይ ‹አለርጂ› ብዬ እጽፍና፣ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ስሙ ‹ልዩ ልዩ ሁለት› መሆኑን እነግረዋለሁ። የእርስዎን አንነካም።»

«ሲገናኝ ቢያጠፋብንስ? የስንት ሰው ሕይወት ነው!»

«መፍራትዎ ልክ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቅጂ ወስደን በቅጂው ላይ እንሞክራለን። ዋናውን እንዲያነብ እንጂ እንዲጽፍበት አንፈቅድለትም። ሞዴሉም የሰንጠረዡን ቅርጽ እንዳይለውጥ እናዘዋለን። የእያንዳንዱን ዓምድ ትርጉም ግን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ካልነገሩኝ በግምት ልሠራ ነው፤ ግምት የሚያመጣውን ደግሞ ዛሬ አየን።»

ኦቦ ነገራ ወንበር ስበው «ተቀመጪ፣ ከመጀመሪያው ሰንጠረዥ ላሳይሽ» አሏት። ሲያብራሩ ጆሯቸው ድረስ ቀልተው ነበር፤ እሷ ግን አንዴም አልሳቀችም።

ከሳምንታት በኋላ ለቀጠሮዬ ስመለስ ሥራው አልቆ ነበር። ነርሷ የቆየ ታካሚ ስም ስትጽፍ የድሮው መረጃ ከአዲሱ ጎን ይመጣል፤ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ከሆነ ገጹ በቀይ ያስጠነቅቃል። ከዲጋ የመጣ ሽማግሌ ታካሚ የሕመም ታሪኩን እንደገና ሲናገር አይውልም፤ ዓመታት የፈጀው ልፋትም ጥግ ላይ አልቀረም። ለዚህ ሁሉ የጎደለው አንድ ሰው «ሥራዬ ይኸው፣ እዩት» ማለቱ ብቻ ነበር።

ብርቄም ልጇን ይዛ ለክትትል መጥታለች። ኦቦ ነገራ ወንበራቸውን ትተው ወደ እሷ ሄዱ።

«አዴ ብርቄ፣ ያን ቀን የልጅሽ ስም የጠፋው እኔ ስለደበቅኩት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ብርቄ ልጇን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገቻት።

«ያን ቀን ሳልጮህ ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮስ?» አለች።

ኦቦ ነገራ በዚህ ጊዜ አላቀረቀሩም። ዓይናቸው ከዓይኗ አልሸሸም።